የአጎቴ የ14 ዓመት ኢሜይል፦ ከፒኤስቲ ፋይል የማውጣት ሥራ ማስታወሻ

1ኛ ሳምንት፣ ቅዳሜ

አጎቴ ከቡና ላኪ ድርጅት ጡረታ ከወጡ ቆዩ። ኢሜይላቸው ግን አሁንም አሮጌው ዴስክቶፕ ውስጥ ነው ያለው። ሐሙስ ማታ ደወሉና «ያ ኮምፒውተር ሲከፈት ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምሯል፤ ሳይሞት ደብዳቤዎቼን አውጣልኝ» አሉኝ። ደብዳቤ ነው የሚሉት። ኢሜይል ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ዛሬ ሄጄ አየሁት። ዊንዶውስ 7፣ አውትሉክ 2007። ድምፁ የሃርድ ዲስኩ ነው፣ ጊዜ የለም ማለት ነው። ውስጡ ሦስት የፒኤስቲ ፋይሎች አገኘሁ። የመጀመሪያው 1.8 ጊጋ ነው፣ ከ2003 እስከ 2009 ያለውን ይዟል። ሁለተኛው 4.6 ጊጋ፣ ሦስተኛው 3.9 ጊጋ፣ እስከ 2017 ድረስ። (ዓመቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ የምጽፈው ኢሜይሎቹ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ ነው።)

ፒኤስቲ ለማያውቅ፦ አውትሉክ መልእክቱንም፣ አድራሻውንም፣ ቀጠሮውንም፣ አባሪውንም አንድ ላይ የሚያጭቅበት ፋይል ነው። ሳጥኑ ከተበላሸ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል።

አጎቴ አውትሉኩን ከፍተው ሊያሳዩኝ ነበር። «ጋሼ፣ ይቆዩ፣ እንዳይከፍቱት» አልኳቸው። ምክንያቱም አውትሉክ ፒኤስቲ ሲከፍት ምንም ባትነካ እንኳ ፋይሉ ላይ ይጽፋል። በሚሞት ዲስክ ላይ መጻፍ ደግሞ የመጨረሻው ነገር ነው። መጀመሪያ ኮፒ፣ ከዚያ ሌላው።

ወጪ፦ 1 ቴራ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ 7,200 ብር። ከፋዩ እሳቸው ናቸው፣ ተከራክሬ አልቻልኳቸውም።

እሁድ

ኮፒ ማድረግ ጀመርኩ። ሁለተኛው ፋይል ላይ መብራት ጠፋ። ዩፒኤሱ ካረጀ ዓመታት አልፎታል፣ ወዲያው አብሮ ጠፋ።

መብራት ሲመለስ ውጫዊው ዲስክ ላይ ፋይሉ አለ። መጠኑን ከዋናው ጋር አስተያየሁ፣ እኩል ነው። አለቀ ብዬ ልቀጥል ነበር። ግን እንደ ልማዴ ሃሽ አሠራሁ። ሃሽ ማለት ፋይሉ ውስጥ ካለው ነገር በሙሉ የሚወጣ የጣት አሻራ ነው፣ አንዲት ፊደል ብትለወጥ አሻራው ሌላ ይሆናል። ለዚህ ዊንዶውስ ውስጥ ሰርትዩቲል የምትባል ትእዛዝ አለች፣ ምንም መጫን አያስፈልግም፣ ሻ 256 የሚለውን መምረጥ ነው።

ሁለቱ አሻራዎች አልገጠሙም። ዊንዶውስ ኮፒ ሲጀምር የፋይሉን ሙሉ ቦታ ቀድሞ ይይዛል፣ ከዚያ ነው የሚሞላው። መሃል ላይ ከተቋረጠ መጠኑ ሙሉ፣ ውስጡ ግማሽ ባዶ የሆነ ፋይል ይተርፋል። በመጠን ብቻ አምኜ ቢሆን ኖሮ ከ2011 በኋላ ያለው የሁለተኛው ፋይል ይዘት በሙሉ ይቀርብኝ ነበር።

እንደገና ኮፒ አደረግኩ። ሦስቱም ገጠሙ። አሻራዎቹን በጽሑፍ ፋይል መዘገብኩ፣ ዲስኩ ላይም አስቀመጥኩ። ከዚህ በኋላ ዋናዎቹን አልነካም፣ የምሠራው በኮፒው ኮፒ ላይ ነው።

ማክሰኞ ማታ

ቤቴ፣ የራሴ ላፕቶፕ ላይ፣ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት ነው)። መጀመሪያ አንድ የሚከፈልበት መቀየሪያ ፕሮግራም ሞክሬ ነበር። ነፃው ሙከራ ከየፎልደሩ 25 መልእክት ብቻ ያወጣል፣ ቀሪውን በዶላር ካርድ ክፈል ይላል። የዶላር ካርድ የለኝም፣ ቢኖረኝም አያስፈልግም ነበር። ሪድፒኤስቲ የሚባል ነፃ መሣሪያ አለ፣ ኡቡንቱ ላይ ፒኤስቲ ዩቲልስ በሚለው ጥቅል ውስጥ ይመጣል።

ከማውጣቴ በፊት ፋይሎቹ ምን ዓይነት እንደሆኑ አየሁ። ሊኑክስ ላይ «ፋይል» የምትባለዋን ትእዛዝ ስሰጠው ሁለተኛውንና ሦስተኛውን «ከ2003 ወዲህ» አላቸው። የመጀመሪያውን ግን «እስከ 2002» አለው። ይህ አስደነገጠኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የአውትሉክ ፒኤስቲ ሁለት ዓይነት ነው። አሮጌው፣ ከአውትሉክ 97 እስከ 2002 የነበረው፣ ከ2 ጊጋ በላይ አይችልም፣ ዩኒኮድም (ግዕዝን ጨምሮ የብዙ ቋንቋ ፊደላትን የሚያስተናግደው ሥርዓት) አይይዝም። አዲሱ ከአውትሉክ 2003 ጋር የመጣው ነው፣ ዩኒኮድ ይይዛል፣ ገደቡም መጀመሪያ 20 ጊጋ ነበር፣ ከአውትሉክ 2010 ጀምሮ 50 ጊጋ ሆኗል። አሮጌው ዓይነት ውስጥ የገባ የአማርኛ ጽሑፍ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ???? ብቻ።

ግን እስከ 2009 ያለው ኢሜይል እንዴት አሮጌው ዓይነት ውስጥ ገባ? ለአጎቴ ደወልኩ። «አዎ፣ ያኔ አንድ ልጅ መጥቶ ‹ኮምፒውተሩ ከብዶታል› ብሎ ወደ ሌላ ፋይል አዛወረልኝ» አሉ። አውትሉክ 2007 አዲስ ፒኤስቲ ሲፈጠር ሁለቱንም ዓይነት ለምርጫ ያቀርባል። ልጁ የታችኛውን፣ አሮጌውን መርጧል። ደግሞ ያዛወረው እንጂ የገለበጠው አይደለም፣ ስለዚህ ዋናው የለም። በአንድ ክሊክ የስድስት ዓመት አማርኛ ተበላሸ። ልጁ ሳያውቅ ነው ያደረገው፣ ይገባኛል፣ ግን በጣም አዘንኩ።

ሐሙስ

በሁለቱ ደህና ፋይሎች ጀመርኩ። ሪድፒኤስቲን ፎልደሩን እንዳለ ጠብቆ በኤምቦክስ እንዲያወጣ አዘዝኩት። ኤምቦክስ መልእክቶችን አንዱን ከአንዱ በታች እየደረደረ የሚያስቀምጥ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። የማንም ኩባንያ ንብረት ስላልሆነ እወደዋለሁ፣ ከሃያ ዓመት በኋላም በማንኛውም ጽሑፍ ማንበቢያ ይከፈታል።

የተሰረዙትንም ጨምሮ እንዲያወጣ ትእዛዙ ላይ ትልቁን የእንግሊዝኛ «ዲ» ጨመርኩ። ሥራውን ሲጨርስ ከየፎልደሩ ስንት እንዳወጣና ስንት እንደዘለለ ይናገራል። ይህን ቁጥር ቅዱ፣ አትለፉት። አውትሉክ ውስጥ ፎልደሩን በቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ ገብታችሁ አጠቃላይ የመልእክት ብዛት እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል። እኔ በሌላ ኮምፒውተር ላይ የፒኤስቲውን ኮፒ ከፍቼ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አደረግኩ። የ2012 «የናሙና ፎልደር» ላይ 14 ጎደለብኝ። ሳጣራ 14ቱ ኢሜይል ሳይሆኑ ቀጠሮዎች ናቸው፣ ለብቻ ፋይል ወጥተዋል። እሺ።

ከዚያ ያወጣሁትን ለአጎቴ ላሳይ ብዬ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ጀመርኩ። «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» አለኝ። ፍላሹ ላይ 30 ጊጋ ባዶ ቦታ አለ! ችግሩ ፍላሹ የተቀረጸው በፋት 32 መሆኑ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይቀበልም። የገቢ ሳጥኑ ኤምቦክስ ብቻውን 4.9 ጊጋ ሆኗል። ከ4.6 ጊጋ ፒኤስቲ እንዴት 4.9 ጊጋ የገቢ ሳጥን ብቻ ወጣ? አባሪዎቹ ናቸው። ኤምቦክስ ውስጥ አባሪ የሚቀመጠው ቤዝ 64 በሚባለው አጻጻፍ ነው፣ እሱ መጠኑን በሲሶ ገደማ ያሳብጠዋል። ኤክስፖርት ከመጀመራችሁ በፊት ቢያንስ የፒኤስቲውን እጥፍ ባዶ ቦታ ያዙ። ፍላሹን ይህ ገደብ በሌለበት በኤክስፋት ቀረጽኩት፣ ተገለበጠ።

2ኛ ሳምንት፣ ሰኞ

የመጀመሪያውን ፋይል ከፈትኩ። እንደፈራሁት ነው። የተላኩ ፎልደር ውስጥ አጎቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለችው እህታቸው፣ ለአክስቴ፣ የጻፉት አለ። ርዕሱ ሁሉ «???? ?? ????» ነው። በክፍተቱ ብቻ ስንት ቃል እንደነበር ይታያል። ይህን ማየት ያማል።

ግን አንድ ነገር ተስፋ ሰጠኝ። ከእሷ የመጡት ርዕሶች ደህና ናቸው! አውትሉክ ላይ ስከፍታቸው ????፣ በሪድፒኤስቲ ሳወጣቸው ግን አማርኛ።

ምክንያቱን ለማግኘት አንዱን መልእክት እንደ ጥሬ ጽሑፍ ከፈትኩት። ኢሜይል ሲመጣ ከላይ የሚሸከመው ራስጌ አለ፣ በየትኛው ሰርቨር እንዳለፈ የሚናገረው። አውትሉክ ያን ራስጌ እንደመጣ ለብቻው ያስቀምጠዋል። ራስጌው ውስጥ የአማርኛ ርዕስ የሚጻፈው በግዕዝ ፊደል አይደለም፣ በእንግሊዝኛ ፊደላትና ቁጥሮች ተመስጥሮ ነው። ስለዚህ አሮጌው ፒኤስቲ ሊያበላሸው አልቻለም፣ ለእሱ ተራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ነበር። ሪድፒኤስቲ ደግሞ የሚያነበው ያንን ራስጌ ነው።

አንድ የሚያምር ነገር አስተዋልኩ። የተመሰጠሩት የአማርኛ ርዕሶች ሁሉ የሚጀምሩት በ«4» ቁጥርና በእንግሊዝኛው «ዋይ» ፊደል ነው። 4ዋይ፣ 4ዋይ፣ 4ዋይ እያለ ይሄዳል። በዩቲኤፍ 8 (ዩኒኮድ ፋይል ውስጥ በባይት የሚጻፍበት መንገድ፣ ኢንኮዲንግ የሚባለው) እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ነው፣ የመጀመሪያዎቹም አንድ ዓይነት ናቸው፣ ወደ ቤዝ 64 ሲለወጥ ያ ይሆናል። ስለዚህ በጥሬ ፋይል ውስጥ ይህ እየተደጋገመ ካያችሁ አማርኛ ሊኖር እንደሚችል ጥሩ ምልክት ነው። በተቃራኒው፣ አናቷ ላይ ጭረት ያለባት የላቲን «ኤ» በየሦስት ምልክቱ እየተደጋገመች ካያችሁ ጽሑፉ አልጠፋም፣ አንባቢው ፕሮግራም ኢንኮዲንጉን ተሳስቷል ማለት ነው። ወደ ዩቲኤፍ 8 ስትቀይሩት ይመለሳል። የማይመለሰው ???? ብቻ ነው።

የተላኩት ግን በሰርቨር ተመልሰው አልመጡም፣ ራስጌ የላቸውም። ቆጠርኳቸው። ለአክስቴ የተላኩ 238 መልእክቶች ርዕሳቸው ጠፍቷል። ከእነዚህ 151ዱ በኤችቲኤምኤል (በድረ ገጽ አጻጻፍ) የተጻፉ ስለሆኑ ውስጣቸው ደህና ነው። 87ቱ በተራ ጽሑፍ የተጻፉ ናቸው፣ እነሱ ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ናቸው።

ረቡዕ

ሁሉንም ተንደርበርድ በሚባለው ነፃ የኢሜይል ፕሮግራም ላይ ጫንኩ። ኢምፖርት ኤክስፖርት ቱልስ ኤንጂ የምትባለዋን ተጨማሪ ጫኑ፣ ኤምቦክስ ለማስገባትም ለማስወጣትም ከእሷ የቀለለ አላየሁም።

ዛሬ ሁለት ሰዓት ያባከንኩበት ስህተት ይኸውና። «ይርጋጨፌ» የሚለውን ቃል በተርሚናል፣ ግሬፕ በምትባለው የቃል መፈለጊያ ትእዛዝ ፈለግኩ። ዜሮ። ኤክስፖርቱ ተበላሸ ብዬ ደንግጬ ከመጀመሪያ ልሠራው ስል ትዝ አለኝ፣ የመልእክቱ አካል ራሱ ቤዝ 64 ነው። ግሬፕ የሚያየው ምስጢሩን ነው። በጥሬ ኤምቦክስ ላይ አማርኛ አትፈልጉ፣ ፈትቶ በሚያነብ ፕሮግራም ውስጥ ፈልጉ። ተንደርበርድ ላይ ወዲያው መጣ።

ሌላው የፍለጋ ችግር የኛው ነው። አጎቴ «ፀሐይ» ብለው ይጽፋሉ፣ አክስቴ «ጸሀይ»። «ሥራ»ም «ስራ»ም አለ። ፕሮግራሙ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። ከ2007 በፊት ደግሞ አብዛኛው አማርኛ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ እሱም በየቀኑ አጻጻፉ ይለያያል። ያኔ ኮምፒውተራቸው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር፣ የግዕዝ ፎንት አብሮት አይመጣም፣ ኒያላ የመጣው ከቪስታ ጋር ነው። ለእነዚህ መፍትሔ አላገኘሁም፣ በላኪና በዓመተ ምህረት ከፋፍዬ ተውኳቸው። ለአሁኑ ይበቃል።

ዓርብ

ጠዋት ላይ በሻይ ሰዓት መጣልኝ። የአጎቴ የተላኩ ደብዳቤዎች የጠፉት ከእሳቸው ዘንድ ነው። ተቀባዩ ዘንድ ግን አሉ!

ለአክስቴ ደወልኩ። «እትዬ፣ የድሮ ኢሜይል አላጠፉም አይደል?» አልኳቸው። «ምኑን አጠፋዋለሁ ልጄ፣ የወንድሜን ነገር!» አሉ። ጂሜይላቸው ከ2005 ጀምሮ ነው።

የሌላ ሰው ሙሉ የመልእክት ሳጥን ማውረድ ግን ነውር ነው፣ አስፈላጊም አይደለም። ስለዚህ በስልክ እየመራኋቸው እንዲህ አደረግን። መጀመሪያ ጂሜይል መፈለጊያው ላይ የወንድማቸውን አድራሻ ጽፈው ፈለጉ። የወጣውን ሁሉ መረጡ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ፣ የምርጫ ሳጥኗ የምትመርጠው በገጹ ላይ የሚታየውን ብቻ ነው፣ ከላይ «ከዚህ ፍለጋ ጋር የሚገጥሙትን ሁሉ ምረጥ» የሚለውን መንካት ያስፈልጋል። ከዚያ «ወንድሜ» የሚል ሌብል ሰጡት። ቀጥሎ ጉግል ቴክአውት (የራስን መረጃ ከጉግል ማውረጃው) ገብተው ሁሉንም ምርጫ አነሱ፣ ሜይልን ብቻ መረጡ፣ ከሜይልም ውስጥ ያቺን ሌብል ብቻ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ማውረጃ ሊንክ መጣላቸው። ሊንኩ ከሳምንት ገደማ በኋላ ይሞታል፣ ወዲያው አውርዱ።

640 ሜጋ፣ አንድ ኤምቦክስ። በደህንነት እንዲመጣልኝ በይለፍ ቃል ዘግተው ላኩልኝ፣ የይለፍ ቃሉን በስልክ ነገሩኝ።

3ኛ ሳምንት፣ እሁድ

ማዛመድ። የ87ቱን ጥንድ ከአክስቴ ፋይል ውስጥ ማግኘት አለብኝ። ርዕስ የለም፣ አካል የለም። የመልእክት መለያ ቁጥርም የለም፣ አውትሉክ የተላኩት ላይ አላስቀመጠውም። የቀረው ቀንና ሰዓት ነው።

አጭር የፓይተን ስክሪፕት ጻፍኩ። የመጀመሪያው ውጤት፦ ዜሮ ግጥምጥም። ሰዓቱን እንደ ጽሑፍ ስላወዳደርኩ ነው። ሪድፒኤስቲ ራስጌ ለሌላቸው መልእክቶች ሰዓቱን በግሪኒች ይጽፋል፣ የአክስቴ ግልባጭ ላይ ግን የአዲስ አበባ ሰዓት ነው ያለው፣ ሦስት ሰዓት ይለያያሉ። ሁለቱንም ወደ ግሪኒች ቀይሬ፣ የሁለት ደቂቃ ልዩነት ፈቅጄ እንደገና አስሮጥኩት።

79።

ተነስቼ ቤት ውስጥ ዞርኩ።

ሌላም ነገር ወጣ። ከእነዚህ ውስጥ 22ቱ በጃንዋሪ 2002 ተላኩ ይላሉ፣ አክስቴ ጂሜይል ከመክፈታቸው በፊት! የአጎቴ ኮምፒውተር የማዘርቦርድ ባትሪ ያኔ ሞቶ ነበር ማለት ነው፣ በተከፈተ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለስ ነበር። ትክክለኛውን ቀን ያገኘሁት ከአክስቴ ግልባጭ ራስጌ ነው፣ የተቀባዩ ሰርቨር የራሱን ሰዓት ይመዘግባል። የኢሜይል ቀን ሲያጠራጥራችሁ «ዴት» የሚለውን ሳይሆን «ሪሲቭድ» የሚለውን መስመር እመኑ። 22ቱም በ2008 ክረምት የተጻፉ ናቸው።

ማክሰኞ

ለማስቀመጥ እያንዳንዱን ደብዳቤ በኢኤምኤል፣ አንድ መልእክት አንድ ፋይል፣ በቀንና በርዕስ ስም ልሰጠው ፈለግኩ። ስክሪፕቱ አሥራ አንድ ላይ ቆመ፣ «ስሙ ረጅም ነው» አለ። ሊኑክስ ላይ የፋይል ስም እስከ 255 ባይት ነው፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚወስድ ለአማርኛ 85 ፊደል ማለት ነው። አጎቴ ደግሞ ርዕሱ ላይ ሙሉ ሰላምታ ይጽፋሉ። ርዕሱን 40 ፊደል ላይ ቆረጥኩት። ዊንዶውስ ላይ ስገለብጠውም ጠቀመኝ፣ እዚያ ደግሞ መንገዱ በሙሉ 260 ምልክት ሲያልፍ ያስቸግራል።

አሁን ያለው፦ ዋናዎቹ ፒኤስቲዎች ሳይነኩ፣ ኤምቦክሱ፣ የአክስቴና የአጎቴ ደብዳቤ በኢኤምኤልና በፒዲኤፍ። ፒዲኤፉ ለአጎቴ ነው፣ ታብሌት ላይ አጉልተው እንዲያነቡት። ሁለት ግልባጭ፣ አንዱ እሳቸው ዘንድ፣ አንዱ እኔ ዘንድ። ለሁለተኛው ዲስክ ሌላ 7,200 ብር፣ ይሄኛው የኔ ነው።

ቅዳሜ

ከጠፉት 8 ውስጥ 3ቱን አክስቴ በመልሳቸው ስር ጠቅሰውት አገኘሁ። ቀሪዎቹ 5 ወደ አሮጌ አድራሻቸው የተላኩ ናቸው፣ ያ አድራሻ ከተዘጋ ቆይቷል። እነሱን በአንድ የጽሑፍ ፋይል ዘረዘርኳቸው፣ ቀንና የጥያቄ ምልክቶቹ እንዳሉ።

ዝርዝሩን ይዤ ሄድኩ። አጎቴ መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ አዩት። አራተኛው ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። ማርች 2005። «ይሄ የእናታችን ተስካር ሰሞን ነው» አሉ። «ማን ማን እንደመጣ ጽፌላት ነበር። እሷ መምጣት አልቻለችም።»

ከዚያ ማን ማን እንደመጣ መንገር ጀመሩ። ላፕቶፑን ከፍቼ ከቀኑ አጠገብ ጻፍኩት።